ሲሄዱ አሥራ ስድስት ተኩል፣ ሲመለሱ አሥራ ሦስት፦ የቦሌና የዋሽንግተን የአየር መንገድ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በርከት ያሉት የበረራ ርቀትንና ሰዓትን የሚመለከቱ ሆነው ስላገኘናቸው የዚህን ዕትም ዓምድ ለእነርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ እናቴ ሜሪላንድ ከምትኖረው እኅቴ ዘንድ ስድስት ወር ቆይታ ተመለሰች። ስትሄድ ከቦሌ ተነሥታ ዋሽንግተን ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ እስክትደርስ አሥራ ስድስት ሰዓት ተኩል ፈጅቶባታል፤ በመሃል አውሮፕላኑ ደብሊን ላይ አርፎ ነዳጅ ቀድቷል። ስትመለስ ግን የትም ሳያርፍ በአሥራ ሦስት ሰዓት ቦሌ ገብታለች። በኢንተርኔት የበረራ ርቀት የሚያሰላ ገጽ ከፍቼ ስመለከት ደግሞ ለሁለቱም አቅጣጫ 11,560 ኪሎ ሜትር፣ 14 ሰዓት ይላል። መንገዱ አንድ ከሆነ ሰዓቱ እንዴት ሦስት ዓይነት ይሆናል? እናቴ «ወደ አገር ሲመለሱ መንገዱ ያጥራል» ብላ ዘግታዋለች፤ እኔ ግን አላረካኝም። (እ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የእናትዎ አባባል ከሚያስቡት በላይ እውነት አለበት፤ ያጠረው ግን ሰዓቱ ነው እንጂ መንገዱ እንዳለ ነው። በቦሌና ከዋሽንግተን ከተማ በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቨርጂኒያ ውስጥ በሚገኘው በዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ መካከል ያለው አጭሩ ርቀት (ስሙ ቢቀራረብም ከቴክሳሷ ዳላስ ጋር አይገናኝም) እርስዎ እንዳዩት 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያሉ ገጾች አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርጉት ይህን ርቀት በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ለመሰለ አንድ አማካይ ፍጥነት ማካፈልና ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት መጨመር ነው፤ እርስዎም ራስዎ ቢያሰሉት 14 ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ስሌቱ ነፋሱን፣ የቦሌን ከፍታና የአውሮፕላኑን ጭነት ስለማያውቅ ለመሄጃም ለመመለሻም አንድ መልስ ይሰጣል፤ በዚህም ምክንያት ለሁለቱም አይሆንም።

በመጀመሪያ መስመሩን እንየው። ይህን መልስ ሳዘጋጅ በልጄ የትምህርት ቤት ሉል ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ክር ወጥሬ ነበር። ክሩ ብዙ ሰው እንደሚገምተው በቀጥታ ወደ ምዕራብ አይሄድም፤ ከአዲስ አበባ ሲነሣ በምዕራብና በሰሜን መካከል እኩል ወደ ሰሜን ምዕራብ ያቀናል፤ ሱዳንን በሰያፍ አቋርጦ፣ ሱዳን፣ ግብፅና ሊቢያ ከሚገናኙበት ጥግ አጠገብ አልፎ፣ ሊቢያንና አልጄሪያን ዘልቆ ሜዲትራንያንን ይሻገርና በስፔንና በፖርቱጋል በኩል ወደ አትላንቲክ ይወጣል፤ ከዚያም በውቅያኖሱ መካከል ወደ 45 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ከፍ ካለ በኋላ ወደ ደቡብ ምዕራብ ታጥፎ በኒው ዮርክ አካባቢ በኩል ቨርጂኒያ ይደርሳል። በግድግዳ ካርታ ላይ ሲታይ እንደ ደጋን የጎበጠ ስለሚመስል በማስመሪያ የተሰመረው ቀጥታ መስመር ያጠረ ይመስላል፤ ነገር ግን ካርታው ክብ የሆነውን ምድር በግድ ጠፍጣፋ አድርጎ የሚያሳይ በመሆኑ፣ መርኬተር በሚባለው ዓይነት ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚገኘው መንገድ ከክሩ መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል።

እናትዎ ያረፉባት ደብሊን ከክሩ ወደ ሰሜን ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ሆኖም በዚያ ዞሮ መሄድ በጠቅላላው መንገድ ላይ የሚጨምረው 270 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሉል ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል፤ መንገዱ እጅግ ረጅም ሲሆን በመካከሉ ትንሽ መጠምዘዝ ከሚገመተው በታች ያስከፍላል። በሮም በኩል ቢሆን ጭማሪው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በምዕራብ አፍሪካዋ ሎሜ በኩል ግን ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሦስቱም ከተሞች የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ በሚያደርጋቸው በረራዎች በተለያዩ ጊዜያት ያረፈባቸው ናቸው፤ ሎሜ ከነዳጁ በተጨማሪ የምዕራብ አፍሪካ መንገደኞችን ለመጫንም ታገለግላለች።

እውነተኛው አውሮፕላን ደግሞ ክሩን ተከትሎ አይበርም። ጦርነት በተነሣበት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን የአየር ክልል ለሲቪል በረራ ተዘግቷል፤ የሊቢያን ሰማይም ብዙ አየር መንገዶች ለደኅንነት ሲሉ ሲሸሹት ኖረዋል። ስለዚህ በሁለቱም አቅጣጫ የሚበረው ርቀት ከ11,560 ኪሎ ሜትር ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ይበልጣል፤ ለቀጣዩ ስሌት 11,800 እንበለው።

አሁን ወደ ነፋሱ እንምጣ። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ የመንገደኛ አውሮፕላኖች በሚመላለሱበት ማለት ነው፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠባብና ኃይለኛ የነፋስ ወንዝ አለ፤ ጄት ስትሪም ይባላል። በሰሜን አትላንቲክ ላይ በተለይ በእነርሱ ክረምት፣ እኛ በጋ በምንለው በታኅሣሥና በጥር፣ እጅግ ይበረታል፤ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መንፈሱ የተለመደ ሲሆን በበረታበት ቀን ከ300 ያልፋል። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት ሲሄድም ሲመለስም ያው በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ራሱ ግን እየተጓዘ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲበሩ ከፊትዎ ባለው ወንበር ጀርባ ላይ ካርታውን የሚያሳየውን ስክሪን ይመልከቱ። ወደ አሜሪካ ሲሄዱ አትላንቲክ ላይ ከምድር አንጻር የሚለካው ፍጥነት 820 ሲል፣ ሲመለሱ እዚያው ውቅያኖስ ላይ 1,050 ሲል ሊያዩት ይችላሉ። አፍሪካ ላይ ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡ ነፋሱ ስለሚለዝብ ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል።

ጠቅላላውን መንገድ አማክለን ከፊት የሚገፋውን ነፋስ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብንል፣ ሲሄዱ 11,800 ኪሎ ሜትሩ በ840 ፍጥነት 14 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሲመለሱ ያው ነፋስ ከኋላ ሲሆን በ960 ፍጥነት 12 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ይበቃል። ከነፋሱ ብቻ የመጣው ልዩነት አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ገደማ ሆነ ማለት ነው። አብራሪዎችም ዝም ብለው አይቀበሉትም፤ በሰሜን አትላንቲክ ላይ የሚበሩባቸው መስመሮች የነፋሱ ትንበያ ታይቶ በየዕለቱ ይታደሳሉ፤ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ነፋሱን ፈልጎ ይገባበታል፣ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ይሸሸዋል። በዚህ ምክንያት የማክሰኞው በረራና የረቡዑ በረራ አንድ ቁጥር ይዘው የተለያየ ሰማይ ሊያቋርጡ ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ግን ደብሊን ላይ ለምን እንዳረፉ አይነግረንም። ኤርባስ ኤ350-900 ሙሉ ነዳጁን ይዞ ወደ 15,000 ኪሎ ሜትር እንዲበር የተሠራ አውሮፕላን ነው፤ ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው ኤ350-900 ዩኤልአር ከሲንጋፖር ኒው ዮርክ 15,300 ኪሎ ሜትር ያህል ሳያርፍ ይበራል። ታዲያ 11,800 ምን ያቅተዋል? መልሱ እኛው ግቢ ውስጥ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ ማረፊያ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ሞቅ ባለ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልዩነቱ ወደ አንድ አራተኛ ይጠጋል። የሳሳ አየር ለአውሮፕላን ሁለት ጊዜ ጠላቱ ነው፤ ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚቀንስ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሣት ከተለመደው የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። በተዳከመ ሞተር የበለጠ ፍጥነት ላይ ለመድረስ ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልጋል፤ የቦሌው ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ያህል ነው፣ ጎማዎቹም መሬት ላይ የሚችሉት ፍጥነት ወሰን አለው። የሚቀረው መፍትሔ ክብደትን መቀነስ ብቻ ነው።

ክብደቱ ከምን ላይ ይቀነስ? ኤ350-900 በባሕር ወለል ሙሉ ጭነቱን ይዞ ሲነሣ ወደ 280 ቶን ይመዝናል፤ በጉዞ ላይ በሰዓት ወደ 6 ቶን ነዳጅ ያቃጥላል። ፊት ለፊት ነፋስ እየገፉ 14 ሰዓት ለመብረር ከመጠባበቂያው ሌላ ከ80 ቶን በላይ ነዳጅ ያስፈልጋል ማለት ነው። በሌላ በኩል መንገደኛው አለ፤ ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ላይ አንድ ሰው ሁለት 23 ኪሎ ሻንጣ ይዞ ይሄዳል፤ ሦስት መቶ መንገደኛ ቢሆን ሻንጣው ብቻ 13.8 ቶን ይደርሳል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ዳቦ ቆሎውና ቡናው ሲታሰብ ከ23 ኪሎ የሚያንስ ሻንጣ ይዞ የሚቀርብ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። በረራውን የሚያቅዱት ባለሙያዎች እንግዲህ ከሁለት አንዱን ይመርጣሉ፤ ወይ ነዳጁን ሞልተው ወንበርና ጭነት ባዶ መተው፣ ወይ ሰውንና ሻንጣውን አሟልተው ነዳጁን መንገድ ላይ መቅዳት። ባዶ ወንበር ገንዘብ አያመጣምና ሁለተኛው ይመረጣል። አውሮፕላኑ ማታ መነሣቱም በዚህ ረገድ ይጠቅመዋል፤ ዋናው ምክንያት የመንገደኞችን ትራንዚት ማገናኘት ቢሆንም የሌሊቱ ቅዝቃዜ አየሩን ትንሽ ስለሚያወፍረው ጥቂት ቶን ያስጨምራል።

ከዱለስ ሲነሣ ግን ታሪኩ ይገለበጣል። ዱለስ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በታች ከፍታ ያለው በመሆኑ አውሮፕላኑ ነዳጁንም መንገደኛውንም ሞልቶ ይነሣል፣ ነፋሱም ከኋላ ሆኖ ይገፋዋል፤ ቦሌ ሲደርስ ደግሞ ከ70 ቶን በላይ ነዳጅ አቃጥሎ ቀልሎ ስለሚያርፍ ከፍታው አያስቸግረውም። እናትዎ ሲሄዱ የፈጀባቸው አሥራ ስድስት ሰዓት ተኩል እንግዲህ በነፋስ የተራዘመው 14 ሰዓት፣ ደብሊን ላይ ነዳጅ ሲቀዳ የቆሙበት አንድ ሰዓት ያህል፣ ለተጨማሪው መውረድና መነሣት፣ ለዙሩም ለመሬት ላይ መንቀሳቀሱም የሄደው ቀሪ ጊዜ ድምር ነው።

ጥያቄ፦ ወደ ምሥራቅ ሲበሩ የሚፈጥነው ምድር ስለምትሽከረከር ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እንደሚባለው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በተቃራኒው በሆነ ነበር። ምድር የምትሽከረከረው ወደ ምሥራቅ ነው፤ በምድር ወገብ አካባቢ ፍጥነቷ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ አየር ላይ ተንሳፍፎ ምድር ከሥሩ የምትንሸራተት ቢሆን ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ዋሽንግተን ራሷ ወደ እርሱ ስለምትመጣለት በጥቂት ሰዓት በደረሰ ነበር። ነገር ግን አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል፤ አውሮፕላኑም ገና ቦሌ ቆሞ ሳለ አብሮ እየዞረ ነው። ለበረራው የሚቆጠረው አየሩ ከምድር አንጻር የሚያሳየው እንቅስቃሴ፣ ማለትም ነፋሱ ብቻ ነው። የምድር መሽከርከር እጁ የለበትም ማለት ግን አይደለም፤ ከሞቃታማው ክልል ወደ ዋልታ የሚሄደውን አየር ወደ ምሥራቅ አጥፎ ጄት ስትሪምን የሚያስገኘው እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ አንዱ ገጽ 7,180 ማይል፣ ሌላው 6,240 ማይል ይላል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም። የመጀመሪያው 1.609 ኪሎ ሜትር የሆነው የየብስ ማይል ነው፤ ሁለተኛው በባሕርና በአየር ጉዞ የሚሠራበት 1.852 ኪሎ ሜትር የሆነው ናውቲካል ማይል ነው። ሁለቱም ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ይመለሳሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ለፋሲካ ከዋሽንግተን ሊመጣ የትኬቱን ፎቶ ላከልኝ። መነሻው 11:00፣ መድረሻው 07:00 ይልና ከጎኑ +1 ተጽፎበታል። ሃያ ሰዓት ሊበር ነው? እኔስ አቀባበሉን በስንት ሰዓት ላዘጋጅ? (ወ/ሮ ተ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሁልጊዜ የየቦታው ሰዓት ነው፤ መነሻው በዋሽንግተን ሰዓት፣ መድረሻው በአዲስ አበባ። +1 የሚለው በማግሥቱ ይደርሳል ማለት ነው። አሜሪካኖች ከመጋቢት አጋማሽ በፊት በሚውል እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፉና በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ይመልሱታል፤ በመካከሉ ከእኛ በ7 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራሉ። ፋሲካ የሚውለው ልዩነቱ 7 በሆነበት ወቅት ስለሆነ ከሃያው ላይ ሰባት ሲቀነስ 13 ሰዓት ይቀራል፤ ልጅዎ በአየር ላይ የሚቆየው ይህን ያህል ነው። ከእኛ ወደ እነርሱ ሲሆን በተቃራኒው መደመር ነው፤ ማታ 22:30 ተነሥቶ በማግሥቱ 08:00 ዱለስ የሚደርስ ሰው ትኬቱ ላይ 9 ሰዓት ተኩል ቢመስልም ሰባት ሲጨመርበት አሥራ ስድስት ሰዓት ተኩል ተጉዟል።

07:00 በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ከፓስፖርት ቁጥጥርና ከሻንጣ መጠበቂያው እስኪወጣ ሌላ አንድ ሰዓት ይስጡት። ቡናውን ሁለት ሰዓት ከማለፉ በፊት ባይቆሉት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ዱባይ ስሄድ ትኬቴ አምስት ሰዓት፣ ስመለስ ሦስት ሰዓት ያስመስላል። ይህም በነፋስ ነው?

መልስ፦ ይህ የሰዓት ልዩነት ብቻ ነው። ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ርቀቱ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በረራው በሁለቱም አቅጣጫ 4 ሰዓት ያህል ነው። አጭር በመሆኑ ነፋሱ የሚያመጣው ልዩነት በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው።

ጥያቄ፦ በረራዬ «እሑድ 00:20» ይላል። አንዳንዱ ቅዳሜ ማታ ነው፣ ሌላው እሑድ ማታ ነው ይለኛል። (አ.፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ትኬት የሚያስከፍለው ከሁሉም በላይ እርሱ ነው። ችግሩ የሚመጣው እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ሲሆን፣ ትኬቱ ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሚቆጥር ነው። 00:20 ማለት እሑድ ከገባ ሃያ ደቂቃ ሆነው ማለት ሲሆን፣ በእኛ አነጋገር ግን ሰው ሁሉ ገና «ቅዳሜ ሌሊት ስድስት ሰዓት ከሃያ» የሚለው ሰዓት ነው። አያቶቻችን ለዚህ የሚሆን ቃል ነበራቸው፤ ለእሑድ አጥቢያ ይሉታል። የአክስቴ ልጅ ይህን ሳያስተውል ሻንጣውን አስሮ፣ ዘመድ ተሰናብቶ፣ እሑድ ማታ በሦስት ሰዓት ኤርፖርት ደርሶ ነበር፤ አውሮፕላኑ ከሄደ ሃያ ሰዓት አልፎታል። የሸኙት ሰዎች ብዛት አንድ ሚኒባስ ሙሉ ስለነበር ተመልሶ ቤት መግባቱ ከትኬቱ ቅጣት በላይ ከብዶታል።

የእርስዎ በረራ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:20 ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ቀድመው መድረስ ስለሚኖርብዎ ቦሌ የሚገኙት ቅዳሜ ማታ በ3:20 ነው፤ ከአዳማ እስከ ቦሌ ያለውን መንገድ አስበው ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት በኋላ ሳይዘገዩ ይነሡ።